ወንበር የሚሠሩ እጆች ክንፍ ሲሠሩ፦ ስለ ሃሪስ ሊበስና ስለ እንጨት የጦር አውሮፕላኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግኩት አናጢ ቤት ነው። አባቴ በር፣ መስኮትና ቁምሳጥን ይሠሩ ነበር፤ የእንጨት ብናኝና የኮላ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ለዚህ ይሆናል የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ ሳነብ ከጄኔራሎቹ ይልቅ «ይህንን ማን ሠራው? በምን አጣበቀው?» የሚለው የሚይዘኝ። በዚያ ጦርነት የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች አውሮፕላን ሠርተዋል ስል ሰው ይገረምና ጥያቄ ያከታትላል። ጥያቄዎቹ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የለንደኑን ሃሪስ ሊበስን መሃል ላይ ያስቀመጥኩት፣ ከእንጨት ሥራ ድርጅቶች ውስጥ ታሪኩ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እሱ ስለሆነ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሉሚኒየም ዘመን ለምን እንጨት?

ጦርነቱ በ1939 ሲፈነዳ ብሪታንያ ውስጥ አሉሚኒየሙም፣ አሉሚኒየም የሚቀጠቅጠውም ባለሙያ አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላንም ከባዱ ቦምብ ጣይም የሚሻሙት ያንኑ ብረትና ያንኑ ሰው ነው። በሌላ በኩል አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራው አናጢ አለ። መንግሥት እንጨትን በቁጥጥር ሥር ስላዋለ ለሕዝብ የሚሸጥ የቤት ዕቃ መሥራት እያደር ተገደበ፤ መጋዙም መላጊያውም ሰውየውም ሥራ ሊፈቱ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ መልሱን ያገኘዋል።

ቀድመው ያዩት አውሮፕላን ሠሪው ጄፍሪ ዴ ሃቪላንድ ናቸው። ኩባንያቸው በ1934 ከእንግሊዝ እስከ ሜልበርን የተደረገውን የአየር ውድድር ኮሜት በተባለ የእንጨት አውሮፕላን አሸንፏል። ከዚያም አልባትሮስ የሚባል የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ያንንም በእንጨት፣ ሠርተዋል። ስለዚህ ፈጣን፣ ያለ መከላከያ መሣሪያ በፍጥነቱ ብቻ የሚያመልጥ የእንጨት ቦምብ ጣይ እንሥራ ሲሉ ከልምድ ተነሥተው ነው። የአየር ሚኒስቴሩ ሹማምንት ግን አላመኑም። ሐሳቡን ደግፈው የቆሙት የአየር ኃይሉ ከፍተኛ መኮንን ሰር ዊልፍሪድ ፍሪማን ናቸው፤ ተቺዎቹም አውሮፕላኑን «የፍሪማን ሞኝነት» ብለው ጠሩት። በማርች 1940 ሃምሳ አውሮፕላን ታዘዘ። የመጀመሪያው ናሙና ኖቬምበር 25 ቀን 1940 በረረ። ያ አውሮፕላን ሞስኪቶ ነው። እስከ መጨረሻው 7,781 ተሠርቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ካናዳና አውስትራሊያ ውስጥ የተገጣጠሙም አሉ።

ሃሪስ ሊበስ ምን ዓይነት ድርጅት ነበር?

ሉዊስ ሊበስ ብሬስላው ከምትባለው ከተማ (ዛሬ የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ) በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ አይሁዳዊ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበሩ። ልጃቸው ሃሪስ ሥራውን ተረክበው አሳደጉት፤ ድርጅቱም በእሳቸው ስም ተጠራ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ ቶተንሃም ሄል በሚባለው ሰፈር፣ ከሊ ወንዝ አጠገብ ሰፊ ፋብሪካ ገነቡ። የእግር ኳስ ወዳጆች ቶተንሃምን በክለቡ ያውቁታል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰፈሩ የሚታወቅበት ሌላው ነገር ይህ ፋብሪካ ነበር። በቤት ዕቃ ሥራ በዓለም ላይ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ።

ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀውም በሁለተኛው ጦርነት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃንድሊ ፔጅ ኦ/400 የተባለውን ትልቅ ቦምብ ጣይ እዚያው ቶተንሃም ሠርቷል። ያኔ አውሮፕላን ሁሉ እንጨትና ጨርቅ ስለነበር ነገሩ እንግዳ አልሆነም። እንግዳ የሆነው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ብረት ነግሦ ሳለ፣ እንደገና መጠራቱ ነው።

በሁለተኛው ጦርነት ሊበስ ምን ምን ሠራ?

ትልቁ ሥራው ሆርሳ የሚባለው ግላይደር ነው። ግላይደር ሞተር የለውም፤ በሌላ አውሮፕላን በገመድ ተጎትቶ ይነሣና ከመድረሻው አጠገብ ገመዱ ተፈትቶ ራሱ ተንሳፎ ያርፋል። በጠቅላላው ከ3,600 በላይ ሆርሳ ተሠርቷል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው በሊበስ መሪነት ከቤት ዕቃ ፋብሪካዎች የወጣ ነው። ከሆርሳ በፊት ሆትስፐር የተባለ ትንሽ ግላይደር ነበር፤ አብራሪዎቹ የሠለጠኑበት እሱን አብዛኛውን የሠራው ሊበስ ነው። ለሞስኪቶም ለአልቤማርልም ክፍሎችን ሠርቷል። አልቤማርል ደግሞ በኋላ ሆርሳን ከሚጎትቱት አውሮፕላኖች አንዱ ሆነ። አንዱ የሊበስ ሥራ ሌላውን የሊበስ ሥራ እየጎተተ ወደ ጦር ሜዳ ሄዷል ማለት ነው።

የቤት ዕቃ ሠሪ በምን ተአምር አውሮፕላን መሥራት ቻለ?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ ያለው ንድፉ ላይ ስለሆነ።

ሆርሳን የነደፈው ኤርስፒድ የተባለ ኩባንያ ነው። ነዳፊዎቹ የተቀመጡት ሳልስበሪ ሆል በሚባል ከለንደን በስተሰሜን ባለ አሮጌ የገጠር ቤት ውስጥ ነበር፤ የሞስኪቶም ናሙና የተሠራው እዚያው ግቢ ነው። የሆርሳ ነዳፊዎች ወረቀት ላይ እርሳስ ሲያሳርፉ አንድ ነገር አልረሱም፦ ይህን የሚሠራው አናጢ ነው፣ አናጢው ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያ የለውም። ስለዚህ ግላይደሩን ሠላሳ ገደማ ክፍሎች አድርገው ከፋፈሉት። አንዱ ፋብሪካ የክንፍ ጫፍ ይሠራል፣ ሌላው ጭራ፣ ሌላው የአካሉን አንድ ቁራጭ። ክፍሎቹ በጭነት መኪና ወደ አየር ኃይሉ ግምጃ ቤቶች ይሄዳሉ፤ እዚያ ወታደሮች ይገጣጥሟቸዋል፣ እዚያው ይበራሉ። ቶተንሃም ያለው ሠራተኛ የሠራውን ዕቃ ሲበር ሳያይ ጦርነቱ ሊያልቅ ይችላል።

ይህ እንዲሆን አንድ ነገር የግድ ነው፤ አንዱ ከተማ ውስጥ የተሠራ ክፍል ሌላ ከተማ ውስጥ ከተሠራው ጋር ያለ ትግል መግጠም አለበት። አናጢ ቤት ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቁምሳጥን ሲሠራ በሩ ትንሽ ቢበልጥ መላጊያ አንሥተህ ታስተካክለዋለህ፤ ቤቱ ራሱ ጠማማ ከሆነ በሩን ለጠማማው ታለማምደዋለህ። ጥሩ አናጢ የሚባለው እንዲያውም በዓይኑ የሚያስተካክለው ነው። እዚህ ግን ማለማመድ ተከለከለ። እያንዳንዱ ክፍል፣ ልኩን ይዞ የሚያቆም ትልቅ ፎርማ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ ፎርማው ካልተቀበለው ክፍሉ አይወጣም። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም እየዞሩ የእንጨቱን እርጥበት፣ የጭረቱን አቅጣጫና የሙጫውን ጥንካሬ ይመረምሩ ነበር። በዓይኑ ለሚሠራ ባለሙያ መጀመሪያ ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል።

ሠራተኞቹም ተለወጡ። ብዙዎቹ ወንዶች ዘምተው ስለነበር ሙጫ ቀቢዋ፣ ጨርቅ አልባሿ፣ ፎርማ ላይ የምትገጥመው ብዙውን ጊዜ ሴት ነበረች።

ሆርሳ ውስጡ ምን ይመስል ነበር?

ከእንጨት የተሠራ ረጅም ቱቦ አስቡ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 27 ሜትር፣ ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ወደ 20 ሜትር ነው። አካሉ ክብ የእንጨት ቀለበቶች ተደርድረው በላያቸው ኮምፔርሳቶ የተለበጠበት ነው። ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከሃያ አምስት በላይ ወታደር ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ ወይም በሰዎቹ ፋንታ ጂፕ መኪና ይጫናል። ወለሉ ሸንተረር አለው፤ የወታደር ጫማ እንዳይንሸራተት ነው። ውጊያ ላይ ጭነቱ ቶሎ እንዲወርድ የጭራው ክፍል ከአካሉ እንዲላቀቅ ተደርጎ ተሠርቷል። አንድ ጊዜ አርፎ እዚያው ሜዳ ላይ ለሚቀር ዕቃ ይህን ያህል ጥንቃቄ!

ናሙናው መጀመሪያ የበረረው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1941 ሲሆን የተነሣበት ሜዳ ያኔ ታላቁ የምዕራብ አየር ማረፊያ ይባል ነበር። ዛሬ ሂትሮው ነው፤ ከአዲስ አበባ ለንደን የሚገባ ሰው የሚያርፍበት መሬት።

ሆርሳ በጦርነቱ ውስጥ የት ዋለ?

ሲሲሊ፣ ኖርማንዲ፣ አርንሄም፣ በመጨረሻም በማርች 1945 የራይን ወንዝ መሻገሪያ ላይ። ከሁሉም የሚነገርለት ግን የኖርማንዲው ሌሊት ነው።

ጁን 6 ቀን 1944፣ ከእኩለ ሌሊት አሥራ ስድስት ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ፣ ዋናው ጦር ከባሕር ሳይወጣ ስድስት ሰዓታት ያህል ቀደም ብሎ፣ ጂም ዎልወርክ የሚያበሩት ሆርሳ ቤኑቪል አጠገብ ካለው የካን ቦይ ድልድይ ሃምሳ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ መሬት ገጨ። በጨለማ፣ ያለ ሞተር፣ ሁለተኛ ሙከራ በሌለበት። ዎልወርክ በፊት መስተዋቱ በኩል ተወርውረው ወጡ፤ ተረፉም። በሻለቃ ጆን ሃዋርድ የሚመሩት ወታደሮች ከተሰባበረው እንጨት ውስጥ ወጥተው ድልድዩን በጥቂት ደቂቃዎች ያዙ። ሁለት ድልድዮችን ለመያዝ ስድስት ግላይደሮች ተልከው አንዱ መንገድ ስቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ አረፈ። ድልድዩ በኋላ ፔጋሰስ ተባለ።

በዚያ ሌሊት ጀርመን ጠባቂዎች ድምፅ ያልሰሙት ሞተር ስለሌለ ነው፤ የሰሙትም የእንጨት ስንጥቅ ነው።

ሞስኪቶስ እንዴት ይሠራ ነበር?

ሞስኪቶ ማለት የወባ ትንኝ ማለት ነው፤ አሠራሩም እንደ ስሙ ቀላልና ስል ነው። ግድግዳው ሦስት ንብርብር ነው፦ ከውጭ ስስ የበርች ኮምፔርሳቶ፣ መሃል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ባልሳ፣ ከውስጥ ሌላ የበርች ኮምፔርሳቶ። ባልሳ በጣት ጥፍር የሚጫር፣ በእጅ ሲያነሡት የሌለ ያህል የሚቀል እንጨት ነው። ለብቻው ምንም አይደለም፤ በሁለት የበርች ቆዳ መሃል ሲጣበቅ ግን ሳይጎብጥ ይሸከማል። የዘመናችን ቀላልና ጠንካራ ግድግዳዎች በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ።

አካሉ የሚሠራው እንደ ባቄላ ቅርፊት ግማሽ ግማሽ ተደርጎ ነው። ከማሆጋኒ ወይም ከሲሚንቶ የተሠራ የአውሮፕላን ቅርጽ ያለው ፎርማ ላይ ኮምፔርሳቶው ይጋደማል፣ ባልሳው ይደረደራል፣ ሁለተኛው ቆዳ ይለበጣል፣ ሙጫው እስኪደርቅ በብረት ቀበቶ ይታሰራል። ብልሃቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ግማሾቹ ከመገጣጠማቸው በፊት የኤሌክትሪኩ ገመድ፣ የዘይቱ ቱቦ፣ መቆጣጠሪያው ሁሉ ክፍት በሆነው ቅርፊት ውስጥ ይገጠማል። ሠራተኛዋ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ጎንበስ ብላ መሥራት የለባትም፤ ቆማ በሁለት እጇ ትሠራለች። ከዚያ ሁለቱ ግማሾች ይጋጠማሉ። ክንፉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፤ በሙጫና በሺዎች በሚቆጠሩ የነሐስ ቪቴዎች ተይዞ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይለብስና ይቀባል።

ሃይ ዊኮም የምትባለው ከለንደን በስተምዕራብ ያለች ከተማ በወንበር ሥራ ስሟ የታወቀ ነበር። ኢ. ጎም፣ ፓርከር ኖል፣ ዳንሰር ኤንድ ሃርን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለሞስኪቶ ክፍሎችን ሠርተዋል። ጎም ከጦርነቱ በኋላ ጂ ፕላን በተባለው የቤት ዕቃ ስም ታዋቂ የሆነው ያው ጎም ነው።

እንጨቱ ከየት ይመጣ ነበር?

ባልሳው ከኢኳዶር፣ ስፕሩሱ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ በርቹ ከካናዳና ከአሜሪካ። ይህ ሁሉ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የሚያደቡበትን አትላንቲክ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው።

አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ማርሽፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረውን የሮዲስ ፋብሪካ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሥራው በርና ኮምፔርሳቶ ነበር። ለሞስኪቶ የሚፈለገው የበርች ልጥ (ከግንዱ የሚላጠው የእንጨት ሉህ) እጅግ ስስ ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ልጥ ደግሞ ሲጣበቅ መሃሉ አየር ይይዛል። መፍትሔው ምን ሆነ? ወጣት ሴቶች ተቀጥረው ልጡን በካውያ ተኮሱት። ልክ እንደ ሸሚዝ። ከዚያ ታሽጎ ወደ እንግሊዝ ተላከ። በርሊን ላይ የበረረው አውሮፕላን ቆዳ በካውያ የተተኮሰ እንጨት ነበር።

ሙጫው አይለቅም ነበር?

ይለቅ ነበር። ይህን መሸሸግ አይገባም፤ የእንጨት አውሮፕላን ታሪክ በሙሉ የሙጫ ታሪክ ነው ብል አላጋነንኩም።

መጀመሪያ ላይ ሞስኪቶ የሚጣበቀው ከወተት በሚወጣ ኬዚን በተባለ ሙጫ ነበር። ለአውሮፓ አየር ደህና ነው። በእስያ ሙቀትና እርጥበት ግን ኬዚን ይላላል፤ ይሻግታልም። የእኛ ሰው በር በክረምት እንደሚያብጥና እንደማይዘጋ ያውቃል፤ በበጋ ደግሞ ተኮማትሮ ክፍተት ያሳያል። ያንኑ እብጠትና ኩምታ በሰዓት ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚበር ክንፍ ላይ አስቡት። በ1944 ሕንድ ውስጥ ሞስኪቶዎች አየር ላይ ተበታትነው አብራሪዎች ሞቱ፤ በኖቬምበር ወር እዚያ ያሉት እንዳይበሩ ታገዱ። ምርመራው ሲካሄድ ጥፋቱ የሙጫውና የአየሩ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ፤ በአንዳንዶቹ ክንፍ ላይ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ በደንብ ያልገጠሙ፣ ክፍተት ያላቸው መጋጠሚያዎች ተገኙ። ሙጫ ክፍተት አይሞላም፤ አባቴ ይህን ለተለማማጆቻቸው ሲደጋግሙ ሰምቻለሁ፣ ወንበር ላይ ግን ዋጋው የሚንቀጠቀጥ እግር ነው።

መድኃኒቱ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ሰው ሠራሽ ሙጫ ሆነ። ኖርማን ደ ብራይን የተባሉ የካምብሪጅ ሳይንቲስት ከጦርነቱ በፊት ኤሮላይት የሚባል እንዲህ ያለ ሙጫ ሠርተው ነበር። ውኃም ሻጋታም አይደፍረውም።

ጀርመኖችም ሞስኪቶን ዓይተው የራሳቸውን የእንጨት ተዋጊ፣ ታ 154ን፣ ጀመሩ። የሚተማመኑበት ጥሩ ሙጫ የሚሠራው ቩፐርታል ውስጥ ባለ ፋብሪካ ነበር፤ የብሪታንያ አየር ኃይል ከተማዋን በቦምብ ሲመታ ፋብሪካው ወደመ። በምትኩ የመጣው ሙጫ አሲድ ነበረው፤ እንጨቱን ራሱን በላው፣ አውሮፕላኖቹም ተሰባበሩ። ሄ 162 የተባለው የጄት አውሮፕላን ደግሞ ዲሴምበር 10 ቀን 1944፣ በባለሥልጣናት ፊት ሲበር የክንፉ የፊት ጠርዝ ከሙጫው ለቆ አውሮፕላኑ ወደቀ፤ አብራሪው ጎትሆልድ ፔተር ሞቱ። የእንጨት ባለሙያ ያለው ሀገርም ቢሆን ያለ ሙጫ ምንም ሊያደርግ አልቻለም።

እንጨት በጥይት አይቃጠልም? አይሰበርም?

ይቃጠላል፤ የብረቱም ነዳጅ ይቃጠላል። ጥይት ኮምፔርሳቶን በስቶ ሲያልፍ ግን የተበሳውን ቆርጦ በአዲስ መጣፍ አናጢ የሚችለው ሥራ ነው። ከሁሉም በላይ ሞስኪቶን የጠበቀው ፍጥነቱ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1943 የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ሄርማን ጎሪንግ በበርሊን ሬዲዮ ንግግር ሊያደርጉ በተዘጋጁበት ሰዓት ሞስኪቶዎች በቀን ብርሃን ከተማዋ ላይ ደርሰው ንግግሩን አስተጓጎሉት።

ፋብሪካዎቹ ለጦርነት ሲሠሩ ሕዝቡ አልጋና ጠረጴዛ ከየት አገኘ?

በጣም ከጥቂት ቦታ። ከ1943 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት ቀላል፣ ጠንካራ፣ ጌጥ የሌለው የቤት ዕቃ ንድፍ አውጥቶ በራሽን ብቻ እንዲሸጥ አደረገ። መግዛት የሚችሉት አዲስ ተጋቢዎችና ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸው ነበሩ። መጀመሪያ ለአንድ ቤተሰብ 60 ነጥብ ተሰጠ፣ በኋላ ወደ 30 ወረደ፤ እያንዳንዱ ዕቃ የነጥብ ዋጋ አለው። ራሽኑ የቀረው በ1948 ነው።

ዛሬ እነዚህን አውሮፕላኖች የት ማየት ይቻላል?

የሞስኪቶው የመጀመሪያ ናሙና ራሱ፣ በ1940 የበረረው፣ ሳልስበሪ ሆል በተሠራበት ግቢ ባለው የዴ ሃቪላንድ ሙዚየም ቆሟል። በኖርማንዲ ራንቪል ያለው የፔጋሰስ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የድሮው ድልድይና በሙሉ መጠኑ የተሠራ የሆርሳ ቅጂ አለ። ብዙዎቹ ሆርሳዎች ጠፍተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ አንዳንዶቹ አካላቸው ተሸጦ የዕቃ ማስቀመጫና የመኖሪያ ጎጆ ሆኗል። የሚበር ሞስኪቶ ማየት የሚፈልግ ኒውዚላንድን ያመስግን፤ እዚያ ያሉ ባለሙያዎች አዲስ ፎርማ ሠርተው፣ እንጨቱን እንደገና ለብጠው፣ በ2012 አንዱን አብርረዋል። ሙጫው የዛሬ ነው።

የሊበስ ፋብሪካስ ምን ሆነ?

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤት ዕቃው ተመለሰ፤ የቶተንሃሙ ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ። ቦታው ላይ ዛሬ ሄል ቪሌጅ የሚባሉ የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። ለእነሱ መሬቱ ሲቆፈር፣ ሠራተኞቹ ቦምብ ሲጣል ይወርዱበት የነበረው የምድር ውስጥ መጠለያ ተገኘ። ሳይረኑ ሲጮህ ሙጫውን ፎርማ ላይ ትተው ወርደው፣ ሲያበቃ ወጥተው የቀጠሉበት ቦታ ነው።